ኒኬል የያዘው መዳፍ

ማጥራት ማለት ቆሻሻን ማስወገድ ነው ይባላል። አይደለም። ቆሻሻ እያስወገደ ያጠራ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ቆሻሻ አያልቅም። ማጥራት ማለት የሚፈልጉትን አንድ ነገር አጥብቆ መያዝና የቀረውን ሁሉ ሳያዝኑ መልቀቅ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከአቃቂ ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ከአውራ ጣት ባልወፈረች የፕላስቲክ ቱቦ ፊት ስምንት ዓመት ቆሜ የተማርኩት ነው። ስለ መያዝ ብዙ አውቅ ነበር። አሁን የምጽፈው ያ ሁሉ እውቀቴ የአባቴን እጅ ምን እንዳደረገው ነው።

ሥራችን ለገንዲ በሽታ መመርመሪያ የሚሆን ፕሮቲን ማዘጋጀት ነበር። ገንዲ ከብት አክስቶ አክስቶ የሚገድል የደም በሽታ ነው። የበሽታውን ተውሳክ አንድ ፕሮቲን ባክቴሪያ ውስጥ እናስመርታለን፤ ከዚያ ባክቴሪያውን እንሰብረዋለን። ሲሰበር የምንፈልገው ፕሮቲን ከባክቴሪያው ከራሱ ፕሮቲኖች ጋር ተደባልቆ ግራጫ ሾርባ ይሆናል። ጣጣው ከዚያ ሾርባ ውስጥ አንዱን ለይቶ ማውጣት ላይ ነው።

ለዚህ ሲባል ፕሮቲኑ ገና ሲሠራ ጫፉ ላይ ጅራት ይቀጠልለታል። ጅራቱ ስድስት ሂስቲዲኖች ተከታትለው የተሰኩበት ነው። ሂስቲዲን ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ሃያ ዓይነት ጡቦች አንዱ ሲሆን ጎኑ ላይ ትንሽ ቀለበት አለችው። ቀለበቷ ላይ ያለው ናይትሮጅን ኒኬልን ይወዳል። «ይወዳል» የኬሚስትሪ ሰዎች ስንፍና ነው፤ ትርፍ የኤሌክትሮን ጥንድ ስላለው ለኒኬሉ ያካፍለዋል ማለታቸው ነው።

ቱቦው ውስጥ ያለው ሬዚን እርጥብ ደቃቅ አሸዋ ይመስላል። ቀለሙ ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ያደረገው የተሸከመው ኒኬል ነው። ኒኬል ስድስት እጅ አለው ብላችሁ አስቡ። በአራቱ ሬዚኑ ላይ የተተከለውን መንጠቆ ጨብጧል። ሁለቱ እጆቹ ውሃ ይዘው ይጠብቃሉ። ሾርባው ከላይ ሲፈስ፣ ጅራት ያለው ፕሮቲን ሲደርስ፣ ኒኬሉ ውሃውን ለቅቆ ሁለት ሂስቲዲን ይጨብጣል። ሂስቲዲኑ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ያመልጥ ነበር። ስድስት ሲሆኑ ግን አንዱ ሲለቅ ሌላው ይያዛል። ጅራት የሌለው ሁሉ በታች ይፈሳል። ደጋግመን እናጥበዋለን። በመጨረሻ ኢሚዳዞል የሚባል ነገር እናፈስበታለን። ኢሚዳዞል ያቺው የሂስቲዲን ቀለበት ብቻዋን የመጣች ናት፤ በብዛት መጥታ የኒኬሉን እጅ ትሞላና ፕሮቲኑ መያዣ አጥቶ ይወርዳል። አሲድም ያስለቅቃል። ኮምጣጣ ነገር ሲገባ የናይትሮጅኑን የኤሌክትሮን ጥንድ ሃይድሮጅን ይቀማዋል፤ ለኒኬል የሚያካፍለው አይኖረውም።

አሲድ ያስለቅቃል የሚለውን ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

አባቴ የሚሠራው አቃቂ በሰቃ፣ ኒኬል ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከውጭ ጋራዥ የሚመስል ቤት ነው። የዛገ የመኪና ፓራውልት፣ የአልጋ ብረት፣ የቧንቧ ራስ ይመጣል። ብረቱ ይሞረዳል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ በሽቦ ታስሮ ሞቅ ያለ አረንጓዴ ፈሳሽ ያለበት ገንዳ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ ሲወጣ ፊት ያሳያል። ማንጠልጠሉና ማውጣቱ የአባቴ ሥራ ነበር። ጓንት ነበረው። ጓንቱ እስከ አንጓው ነበር፤ ፈሳሹ እስከ ክርኑ። ጓንቱ ውስጥ የገባው ፈሳሽ ደግሞ አይወጣም፤ እዚያው ሲሞቅ ይውላል። ስለዚህ አውልቆ በባዶ እጁ መሥራቱን መረጠ፤ ትክክልም ነበር።

እጁ በመጀመሪያ አሳከከው። ቀጥሎ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ እብጠቶች ጣቶቹ መካከል ወጡ። ቀጥሎ መዳፉ ደርቆ ተሰነጠቀ። ሰፈሩ ችፌ አለው። አንዱ የደም ቆሻሻ ነው አለ፣ ሌላው ዓይን ነው፣ ሌላው ሳሪስ አቦ ሄዶ ይጠመቅ አለ። ሄዶ ተጠመቀ። ለሁለት ሳምንት ተሻለው፤ ሁለቱን ሳምንት ፈቃድ ላይ ነበር። ከእሱ በቀር ማንም ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች አላገናኛቸውም። እኔም ጭምር።

እጁ የተያዘ ሰው ሰላም ሲባል ክንዱን ይዘረጋል። አባቴ ሁልጊዜ ክንዱን ይዘረጋ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ተራ፣ ሁሉም ቦታ ክንዱን ነው የሚሰጠው። የድሮ ጓደኛው አንድ ቀን መንገድ ላይ ክንዱን ጨብጦ አልለቅም አለ።

«አንተ ሰውዬ! መቼ ነው በልተህ የምትጨርሰው?»

«ምን ላድርግ፣ ገና ሁለተኛው እንጀራ ላይ ነኝ» አለው አባቴ። ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

በዚያ ጊዜ አባቴ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከገንዳው መነሳት። ወይ ሞረዳው ጋ፣ ወይ በር ላይ ጥበቃ። ኃላፊውን ጠየቀው። ኃላፊው ከአባቴ ሃያ ዓመት ያህል ያንሳል፤ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ገንዳውን የሚያውቅ ሌላ ሠራተኛ ስላልነበረው ብቻ አባቴን ማንሳት የማይችል ሰው ነው። አንድ እሁድ ቤታችን መጣ። እናቴ ምሳ አቀረበች። ከበላ በኋላ እጁን ታጥቦ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ጋሼ ከገንዳው ልነሳ ይላሉ» አለ። «እጄን የበላኝ ኒኬሉ ነው ይላሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን እዚህ ቤት የተማረ ሰው አለ፣ አይደል?» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ በኒኬል ነው አሉ የምትሠራው?»

«በየቀኑ» አልኩ።

«እስቲ ንገረና። ኒኬል ሰው ላይ ይጣበቃል?»

እኔ ሰው ሁሉ «ነው» ሲል «አይደለም» ማለት የሚጣፍጠው ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ጎረቤቶች ስለ ዓይን ሲያወሩ ሰምቼ ደሜ ፈልቶ ነበር። እናም የሰፈሩ አጉል እምነት ሁሉ ከፊቴ እንደተሰለፈ ሆኖ ታየኝ፤ የአባቴ እጅ ግን አልታየኝም። ጅራቱን አስረዳሁ። ስድስቱን ሂስቲዲኖች በጣቶቼ ቆጠርኩ። የኒኬሉን ሁለት ባዶ እጆች አሳየሁ።

«ስለዚህ ዝም ብሎ አይጣበቅም» ብዬ ዘጋሁ። «የሚይዘው ጅራት ያለውን ነው። የሰው ቆዳ ጅራት የለውም። ይታጠባል።»

«ይታጠባል!» ኃላፊው ጭኑን መታ። «ሰሙ ጋሼ? ከልጅዎ አፍ ነው እንግዲህ!»

አባቴ የተቆጣ አልመሰለም። ፈገግ አለ። ልጁ በእንግዳ ፊት ሳያቋርጥ የተናገረለት አባት ፈገግታ ነበር።

«እሱ ካለ፣ እንግዲህ» አለ።

«ታዲያ እጁ ምን ሆኖ ነው?» አለች እናቴ ከበሩ።

«ሳሙና ሊሆን ይችላል» አልኩ። «ብርድም ሊሆን ይችላል።»

ኃላፊው መርቆ ሄደ። አባቴ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«ይታጠባል አልክ አይደል? በምን ልታጠበው?»

እዚህ ላይ አላውቅም ማለት እችል ነበር። ግን አውቅ ነበር፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሬዚኑ ላይ የተያዘውን አሲድ ያስለቅቀዋል። ቤት ውስጥ ያለው አሲድ ሎሚ ነው።

«በሎሚ» አልኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመለስ ሎሚ ለሁለት ይቆርጥና መዳፉን ያሻል። መዳፉ በየአቅጣጫው የተሰነጠቀ ነው። ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም። እናቴ «ተው እባክህ» ስትለው፣ «እየለቀቀ እኮ ነው» ይላታል። ማቃጠሉን የመልቀቁ ምልክት አድርጎ ቆጠረው። ስድስት ወር እንዲህ አደረገ። ኒኬል ቤት ደግሞ ያንን እሁድ ለሠራተኛው ሁሉ ይተርክ ነበር፤ ልጄ በጣቱ ቆጥሮ አሳየን እያለ።

ላብራቶሪ ውስጥ በዚያው ሰሞን አንድ የሚያናድደኝ ነገር ነበር። የጠራው ፕሮቲን ንጹህ መሆኑን ለማየት ጄል በሚባል ለስላሳ ሰሌዳ ላይ እንዘረጋውና ቀለም እንቀባዋለን፤ እያንዳንዱ ፕሮቲን እንደ መጠኑ አንድ ሰማያዊ መስመር ይሆናል። ንጹህ ከሆነ አንድ መስመር ብቻ መታየት አለበት። የእኔ ሁልጊዜ ሁለት ነው። አንዱ ወፍራም፣ የእኛው። ሌላው ቀጭን፣ ሳይጋበዝ የመጣ። ደባል ብለን ጠራነው፤ ኪራይ ሳይከፍል የሰው ቤት የሚኖር። ባጥበው አይወጣም። እጥበቱን ባጠነክረው የእኛው ፕሮቲን አብሮ ይወጣል እንጂ ደባሉ ንቅንቅ አይልም።

አለቃዬ ጡረታዋ የደረሰ፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ነበረች። ጄሉን ይዤ ጠረጴዛዋ ድረስ ሄድኩ።

«ደባሉን ዛሬም ማስለቀቅ አልቻልኩም» አልኳት።

«እሱ አይለቅም። ለምን ትደክማለህ?»

«ጅራት የለውም እኮ!»

«ጅራት ማን ጠየቀው?» መነጽሯን አወለቀች። «ፕሮቲን ክር ሆኖ አይቀርም፣ ይታጠፋል። ሲታጠፍ የራሱ ሂስቲዲኖች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ጅራት እኛ ለራሳችን እንዲመቸን የቀጠልነው ነገር ነው። ኒኬል ስለ ጅራት የሚያውቀው የለም፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሂስቲዲኖች ካገኘ ይይዛል።»

«እንዲህ ያለ ፕሮቲን ብዙ ነው?»

«ያንተም ደም ውስጥ ሞልቷል። ለምን ይመስልሃል ጓንት የምታደርገው?»

«ለንጽህና» አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ስትስቅ አየኋት። ተነስታ ከመደርደሪያው ላይ አረንጓዴውን ጠርሙስ አወረደች። ሬዚኑ ሲያረጅ ኒኬሉን ይለቅና ይነጣል፤ ያኔ በዚህ ፈሳሽ እንሞላዋለን። በየወሩ የምከፍተው ጠርሙስ ነው።

«አንብብ» አለችኝ።

ቀይ ምልክት አለበት። ከሥሩ ቆዳ ላይ ሲነካ አለርጂ ያስከትላል ይላል። ከዚያ በታች ደግሞ ሌላ ዝርዝር፣ የባሰ። የሶቅራጥስን ሙግት፣ የገድላትን ትርጓሜ፣ የድሮ ጋዜጣ ማስታወቂያ ሳይቀር አንብቤያለሁ ብዬ የምኩራራ ሰው ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ በእጄ የያዝኩትን ጠርሙስ ግን አላነበብኩትም። ቀለሙንም ያኔ ነው ያየሁት። የአባቴ ገንዳ ቀለም ነው። ያው የኒኬል ጨው ነው። እኔ ለአንድ ማንኪያ ሁለት ጓንት እደርባለሁ፤ እሱ በርሜል ሙሉ ውስጥ ክንዱን ይነክራል።

በኋላ ፈልጌ አነበብኩ። ቆዳችን ውስጥ ጠላት ሲመጣ የሚጮህ ዘበኛ ፕሮቲን አለ። ዘበኛው የሚጮኸው ሁለት ሆኖ ሲጣመር ነው። ሂስቲዲኖች አሉት፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ፣ ተጠጋግተው። ኒኬሉ በተሰነጠቀ ቆዳ ይገባና አንዱን ዘበኛ በአንድ እጁ፣ ሌላውን በሌላ እጁ ይዞ ያጣምራቸዋል። ዘበኛው ይጮሃል። ጠላት የለም፤ ግን ሰውነት ጩኸቱን ያምንና የራሱን ቆዳ ይዋጋል። አንድ ጊዜ ከተማረ ደግሞ አይረሳም። ዕድሜ ልክ ነው። ማለትም ሎሚው የሚያስለቅቀው ነገር አልነበረም፤ በሩን ነበር የሚያሰፋለት።

በማግስቱ ሥራ ሳልገባ በሰቃ ሄድኩ። ኃላፊው ገንዳው አጠገብ ቆሟል። አባቴ ክንዱን እንደነከረ ነው። ሦስት አራት ሠራተኞች ሞረዳው ጋ አሉ።

«ተሳስቼ ነበር» አልኩት ኃላፊውን።

«ምኑን?»

«ኒኬል ሰውም ላይ ይይዛል። እጁን እያበላሸው ያለው እሱ ነው። ከገንዳው አንሳው። ወረቀት ላይ ጻፍ ካልከኝም እጽፋለሁ።»

ኃላፊው አላሾፈም መጀመሪያ። ገንዳውን አየ፣ የተሰለፈውን ፓራውልት አየ። ከዚያ ነው መውጫውን ያገኘው።

«የዛሬ ስድስት ወር በልቼ ጠጥቼ እቤትህ ተቀምጬ፣ ይታጠባል አልከኝ። በጣትህ ቆጥረህ። ዛሬ ደግሞ ይይዛል። በሚመጣው ወር ምን ልትለን ነው?» ወደ አባቴ ዞረ። «ጋሼ፣ የትኛውን ልጅዎን ልመን?»

ሞረዳው ጋ ያሉት ሳቁ። አንዱ «እሱ እንደ ሬዲዮ ነው፣ ጣቢያ ይቀይራል» አለ። ሳቁ ጨመረ። አባቴ ክንዱን ከገንዳው አላወጣም። ወደ እኔም አላየም።

«የእሁዱን እመን» አለ።

ይህን ቃል ለመረዳት ቀን አልፈጀብኝም፣ ሰዓትም አልፈጀብኝም። እዚያው ቆሜ ገብቶኛል። ስድስት ወር ሙሉ የሚያውቅ ልጅ አለኝ ብሎ ለእነዚያ ሰዎች ነግሯል። እኔ ከተሳሳትኩ የሚያውቅ ልጅ የለውም። በእጁና በልጁ መካከል አስመረጡት፤ መረጠ።

ማታ ሥራ ሲያበቃ ተመልሼ መጥቼ አብረን ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቅ አባቴ ሳንቲሙን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። ሳንቲምም ስለሚያሳክከው መንካት ትቶ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

«ለምን እንዲያ አልክ አባዬ?» አልኩት።



«ሎሚውን ግን ዛሬ እተወዋለሁ» አለ።

ሁለት ዓመት ተጨማሪ ገንዳው ላይ ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ጣቶቹ አልታዘዝ ብለው ፓራውልት ከእጁ አምልጦ ገንዳ ውስጥ ወደቀ፤ ፈሳሹ ፈሰሰ፤ ያኔ በአንድ ጊዜ ኃላፊውም አለቆቹም ኒኬል እንደሚይዝ አመኑ። በር ላይ አደረጉት። የበሩ ቁልፍ በኒኬል የተነከረ ነበር፤ እዚያው ቤት፣ ምናልባትም በእሱ እጅ። ዓመት ሳይሞላው ቤት ገባ።

ያ ፕሮቲን ደግሞ እስከ መጨረሻው ከነደባሉ ነበር። መመርመሪያው ፍሪጅ ውስጥ ቀረ፤ ፕሮጀክቱ አለቀ፤ እኔም ወጥቼ የምጽፍ ሰው ሆንኩ። እውቀት አይጎዳም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ወደ ቤት ልውሰደው ብዬ አስባለሁ። አባቴ አሁን እዚያው አቃቂ ተቀምጧል። ዘለበት ያለው ቀበቶ አያደርግም፤ ሱሪውን በገመድ ያስራል። የቧንቧውን ራስ በጨርቅ ይዞ ነው የሚከፍተው። በርበሬ ስንጥቁ ውስጥ ስለሚገባ በእጁ መብላት ትቷል፤ የብረት ማንኪያም አፉን ያሳክከዋል። እናቴ ታጎርሰዋለች፤ በቀን ሦስት ጊዜ፤ መጀመሪያ ላይ ሰው ሲያይ ያፍር ነበር፤ አሁን አያፍርም።

እኔ ስመጣ ክንዱን ይዘረጋልኛል። እኔም እይዘዋለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ መዳፉን በእጄ ይዤ፣ ገልብጬ አላየሁትም ነበር፤ ባየሁት ኖሮ ለኃላፊው ስለ ጅራት የምለው ነገር ባልኖረኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ኒኬል ቤት፣ ባትሪ ቤት፣ ቆዳ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ካላችሁ፣ ሰላም ስትሉትም ክንዱን ከዘረጋላችሁ፣ ምንም አታስረዱት። መዳፍህን አሳየኝ በሉት።